የመጡበት ጉዳይ

የማኅተም ቀለም ሽታ አለው። ዕድሜውን በመንግሥት ቢሮ የፈጀ ሰው ያውቀዋል፤ ትንሽ እንደ ላምባ፣ ትንሽ እንደ ረጠበ ጨርቅ ያለ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎባ በሚኒባስ ሮቤ ወርጄ፣ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ ኮፒ ቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ በስልክ የላከችልኝን ደብዳቤ በወረቀት እስኪያወጡልኝ እጠብቅ ነበር። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንዲት ወጣት የማኅተሙን ፓድ ከፍታ ቀለም ታጠጣው ጀመር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የጎባው ቢሮ፣ የሚንቋቋው የእንጨት ወለል፣ ጧት ጧት ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅኩ የምመታው ታይፕ፣ ሁሉም ግልብጥ ብሎ መጣ። ድሮ ይህን ሽታ እወደው ነበር፤ የደመወዝ ሽታ፣ የወጣትነት ሽታ ነበር። ያን ዕለት ግን ጠላሁት። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁና ባጃጆቹ መሃል ቆሜ አየር ሳብኩ።

ደብዳቤው ቪዛ መከልከሌን የሚገልጽ ነው። የየት አገር ቪዛ እንደሆነ አልናገርም፤ ስሙን መጥራት ራሱ አፌን የሚያቆሽሽብኝ ይመስለኛል። ልጄ ሶስና እዚያ አግብታ ትኖራለች። ደብዳቤው የተጻፈው በአገሩ ቋንቋ ስለሆነ በስልክ እያነበበች ተርጉማልኛለች፤ በአጭሩ «አመልካቿ የሚሄዱበትን ጉዳይ ደብቀዋል» ይላል። ሰባ አንድ ዓመት ስኖር ሌባም ውሸታምም ያለኝ ሰው የለም። በስተርጅና፣ ያውም ፊቴን ለሩብ ሰዓት ባየ ሰው፣ ደባቂ ተባልኩ። አብራኝ የወረደችው ዘሃራ ደጅ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ዘሃራ የባለሱቁ የሐጂ ከድር ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል? ማንበብ አይችሉ» አለችኝ።

«የሰደበኝን ፊቱን ልየው ብዬ ነው» አልኳት።

«የመጡበት ጉዳይ» የሚለውን ሐረግ በጎባ ከተማ እንደ እኔ ብዙ ጊዜ ታይፕ ያደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሹማምንቱ ሁሉ እኛ ዘንድ ነበሩ። ሮቤ ማለት ያኔ ስንዴና ጭቃ ነበር። የሮቤ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ እነሱ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፣ ለእኛ የቀረን ብርዱ ነው። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ዳቦ በአስር ሳንቲም፣ ከጎባ ሮቤ በላንድሮቨር በሃምሳ ሳንቲም፤ በጋሪ ከሆነ ደግሞ እንደ ባለጋሪው ጠባይ። በመጀመሪያው ደመወዜ አረንጓዴ ኮት አሰፋሁ፤ ሰፊው ቁልፉን ከአስመራ አስመጣሁት ብሎ ማለልኝ። ከሥሩ ቤልቦተም ሱሪ፣ አንገቴ ላይ የናይለን ሻሽ፣ እግሬ ላይ ታኮ ጫማ። በዚያ ጭቃ ታኮ ጫማ! ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ስናልፍ፣ መቀነቷ የሚንዘላዘል ልጅ ስለምትባል ሴት የሚያንጎራጉር አንድ ካሴት ነበር፤ እኔና ጓደኞቼ ለእኛ የተዘፈነ ይመስል ቀስ እያልን ነበር የምናልፈው። ዘመኑ ሲለዋወጥ፣ ሹም ሲወርድ ሹም ሲሾም እኔ ታይፕ ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ይለወጣል፤ ታይፑና ብርዱ አይለወጡም።

ከውጭ የመጣ ሰው ወደ ሳነቴ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ቢሮአችን ጎራ ይላል፤ አንዲት ቢጫ ወረቀት እመታለታለሁ። ስም፣ አገር፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የሚቆዩበት ጊዜ። ጉዳያቸው መቼም አንድ ነው፤ ያን ቀይ ቀበሮ ሊያዩ ነው። «ጉብኝት» ብዬ እመታለሁ፣ አለቃዬ ማኅተሙን ያሳርፍበታል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ታዲያ ጢሙ ቀይ የሆነ አንድ ወጣት ፈረንጅ መጣ። ከዚያው ከተረገመው አገር ይሁን ከጎረቤቱ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሳነቴ ወጥቶ በሳምንቱ ሲወርድ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ እያሳለ ነበር። ከቢሮአችን ፊት ለፊት የሐጂ ከድር ሱቅ አለ። ሐጂ አዩትና ጎትተው አስገቡት፤ ስኳር ጆንያ ላይ አስቀምጠው ዝንጅብል ያለው ሻይ አጠጡት። ከዚያ ጆንያ ሳይነሣ ወራት ተቀመጠ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስሙን ማንም መጥራት ስላልቻለ ሐጂ «ገመቹ» አሉት፤ ደስታ እንደማለት ነው። ቀበሮው ቀረና ገመቹ ቋንቋ መማር ጀመረ። ሐጂ መምህር አይደሉም፤ ስኳር እየመዘኑ፣ ጨርቅ እየለኩ፣ ከጎሮ ለገበያ ከመጡት ገበሬዎች ጋር እየተሟገቱ በአማርኛውም በኦሮምኛውም አስለመዱት። እሱም እኛ የባሌ ሰዎች እንደምናወራው ሁለቱን አደባልቆ ያወራ ጀመር።

ከቋንቋው በላይ ግን ሐጂ ያስተማሩት ወጉን ነው። «አባቴ ስማኝ» ይሉት ነበር፣ «ጉዳይህን በበር ስትገባ አትናገር። ስትገባ ሰላም በል፤ ስለ ከብቱ ጠይቅ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቅ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቅ። የሰጡህን ጠጣ። ጉዳይህን በበር ስትወጣ ተናገር። ሲገባ ጉዳዩን የሚያወጣ ሰው፣ የመጣው ለእኔ ሳይሆን ለጉዳዩ ነው።» ይህ የሐጂ ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ሁሉ ወግ ነበር። እናቴ ከሰሜን የመጣ ሰው ልጅ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፣ እሷም በዚሁ ነው ያሳደገችኝ። እንግዳ ቤት መጥቶ ምን ፈልገህ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ እንግዳውም ዝም ብዬ ሰላም ልላችሁ ነው የመጣሁት ይላል። ሁለቱም ጉዳይ እንዳለ ያውቃሉ። ይህን ውሸት ያለው ሰው በዚያ ዘመን አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ገመቹ ቢሮአችን መጣ። ትከሻው ላይ የሐጂን ጋቢ ደርቧል። አለቃዬ ፊት ጎንበስ ብሎ «አካም ጅርቱ? ነጋዳ? ሎን ነጋዳ? ኢጆሌን ነጋዳ?» አለ፤ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ማለቱ ነው። አለቃዬ ላጤ ነው፤ ከብት ይቅርና ድመት አልነበረውም። ቆፍጠን ብሎ «ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከዚያ ዝናቡ ተወራ፣ የስንዴው ቡቃያ ተወራ፣ ሻይ መጣ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ገመቹ ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ በሩን ከፈተ፣ ከዚያ እጀታውን እንደያዘ ዞር አለና «እግረ መንገዴን ጌታዬ፣ ወረቀቴ ትናንትና አልቋል። ቋንቋ እየተማርኩ ነው፤ ትንሽ ብቆይ ብዬ ነበር» አለ። አለቃዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይኼ ሰውዬ ከእንግዲህ ምን ቀረው የሚማረው?» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ምቺለት» አለኝ።

«የመጡበት ጉዳይ ላይ ምን ልበል? ጉብኝት ነበር የሚለው፤ ትምህርት ልበለው?» አልኩት።

«ጉብኝት በዪ። ሰው ሰው ቤት ሄዶ አፉን ዘግቶ ሊቀመጥ ነው እንዴ? ማውራትም እኮ ጉብኝት ነው» አለኝና ማኅተሙን ደለቀው።

ይኸው ነው። አንድ ቢጫ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ሳቅ። እኔ በስተርጅናዬ የሄድኩበትን መንገድ ሳስብ ደግሞ ምራቄን መትፋት ያምረኛል።

የልጅ ልጄ ሊና አምስት ዓመቷ ነው። አማርኛ አታውቅም። አባቷ የዚያ አገር ሰው ነው፣ እናቷ ሥራ ላይ ናት፤ ማን ያስተምራት? በዚህ ጉዳይ ከሶስና ጋር ስንት ጊዜ ተቀያይመናል። ሁለት ቋንቋ ባንድ ላይ እየጠጣች ያደገች ልጅ አንዱን እንኳ ለልጇ አለማውረስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሊና ስልክ ላይ ስትመጣ «ሄሎ» ትላለች፣ «ሄሎ» እላለሁ፣ እንስቃለን፣ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች። አምና አንድ እሑድ ግን ስልኩን አልሰጥም አለች። ትናገራለች ትናገራለች፤ እጇን ታወናጭፋለች፣ ዓይኗን ታፈጣለች፣ ድምጿ ይቀጥናል። የሚያስቅ ነገር የምታወራ መሰለኝ። ሳቅሁ። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እሺ» እያልኩ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሊና ስልኩን አልጋው ላይ ጣለችውና ሄደች። ሶስና ከሌላ ክፍል መጥታ «እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው? ጥንቸሏ ጧት ሞታባት እኮ ነው፤ እሱን ነው የነገረችሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሊና ስልክ ላይ አልመጣም አለች። «ያቺ የምትስቅብኝ አያቴ ናት?» ትላለች አሉ። ብዙ ነገር ሰምቼ ችያለሁ፤ ይቺን ግን አልቻልኳትም።

ስለዚህ ሄጄ ቋንቋዋን እማራለሁ አልኩ። ሶስና የሦስት ወር የጥሪ ደብዳቤ ላከች፤ ልጇንና የልጅ ልጇን ልትጎበኝ የሚል። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ፣ ሰፈራቸው ካለ ቤተ መጻሕፍት ለትልልቅ ሰዎች ሰኞና ረቡዕ ጧት ቋንቋ የሚያስተምሩ መሆኑን ሰምታ ስሜን አስመዘገበችልኝ። እኔም አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ ገዛሁ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሶስናን ጠይቄ «ጥንቸል» የሚለውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ይቅርታ» የሚለውን። በሮቤ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተንገላትቼ አዲስ አበባ ስገባ ሁለቱን ቃላት እየደጋገምኩ ነበር።

ኤምባሲው ውስጥ መስተዋት አለ፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ጸጉሯን የጎነጎነች ወጣት ፈረንጅ፣ ከጎኗ ክራባት ያሰረ የእኛው ልጅ አስተርጓሚ። ነጠላዬን አስተካክዬ «እንደምን ዋልሽ ልጄ? እናትሽ ደህና ናት? አባትሽስ?» አልኳት። አስተርጓሚው አልተረጎመም።

«ማዘር፣ ጥያቄውን ብቻ መልሺ» አለኝ። ማዘር! መልሺ! ጎባ ቢሆን ኖሮ ሐጂ ከድር ጆሮውን ይዘው ከሱቅ ያስወጡት ነበር። «የምትሄጂበት ጉዳይ ምንድነው?»

«ልጄን ሰላም ልል ነው።»

«ሌላ ጉዳይስ?»

«ሌላ ምን ጉዳይ አለኝ? ዝም ብዬ ላያቸው ነው» አልኩ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ከዚህ ሌላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ስለ ጡረታዬ ጠየቀች፣ ስለ ቤቴ ጠየቀች፣ ፈገግ እያለች ትጽፋለች። ጨርሰናል አለችኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ተነሣሁ፣ እጅ ነሣሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ዞር አልኩ።

«እግረ መንገዴን ልጄ» አልኩ፣ «እዚያ ሳለሁ ቋንቋም እማራለሁ። ሰኞና ረቡዕ ነው።»

ጉዳዬን በበር ስወጣ ተናገርኩ። በደንብ እንደተናገርኩት ተሰምቶኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ኮራ እንኳ ብያለሁ። አስተርጓሚው ሲተረጉምላት የልጅቷ ፈገግታ ጠፋ። ተመልሼ እንድቀመጥ በጣቷ አመለከተችኝ። ማን ነው ያስመዘገበሽ? መቼ? የጥሪው ደብዳቤ ላይ ለምን የለም? ሌላ ጉዳይ የለኝም ያልሽው ለምንድነው? እዚህ ላይ ነበር ዝም ማለት የነበረብኝ፤ እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወሬውን ቀጠልኩ፤ ወጉን ላስረዳት ሞከርኩ፣ ስለ ሐጂ፣ ስለ በሩ። አስተርጓሚው ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ «በዚህ ዕድሜሽ ቋንቋ ለምን ፈለግሽ ትልሻለች» አለኝ።

«ጥንቸሏ ስለሞተች» አልኩ።

ልጁ አፍጥጦ አየኝ። ምን ብሎ እንደተረጎመላት እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀችና አንድ ነገር ጻፈች።

በጣም የሚያንገሸግሸኝን ልናገር። ሶስና ደንቡን ፈልጋ አነበበችልኝ፤ ለካ የተከለከለ ነገር አልነበረም። ሊጎበኝ የሄደ ሰው በዚያው አጭር የቋንቋ ትምህርት ቢማር አገሩ አይቃወምም፤ ዋናው ጉዳይ ጉብኝቱ ይሁን፣ ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ አስቀድሞም ይነገር ነው የሚለው። ለትምህርት ብሎ የሚሄድ ብቻ ነው ሌላ ቪዛ የሚያስፈልገው። «እማዬ፣ ገና ስትገቢ ብትነግሪያት ኖሮ እኮ እሺ ትልሽ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች። ገና ስገባ! እንደ ቀበሌ ዘበኛ ገና በር ላይ ጉዳዬን እየዘረገፍኩ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አሁን የሐሰት ቃል ሰጥታለች ተብሎ ተጽፎብኛል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይፋቅም፣ ለዓመታት ይከተላል ትላለች ሶስና። ለሰባ አንድ ዓመት ሴት «ለዓመታት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያስጠላኛል። ሰው ሰውን እንደ ጭነት መርምሮ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጥ የሚልበት ዓለም ያስጠላኛል። እናት ልጇ ቤት ስትሄድ ስንት ጉዳይ አላት? ልትታመም ትችላለች፣ ልታስታርቅ ትችላለች፣ ወጥ ልታስተምር ትችላለች፣ ልትቀበርም ትችላለች። በየቱ ሳጥን ውስጥ ምልክት ታድርግ? እኔም ራሴን እጠላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያንን ሐረግ ታይፕ ሳደርግ ኖሬ፣ የሚጠይቀው ሰው አለቃዬ እንዳልሆነ ማወቅ አቃተኝ።

ኮፒ ቤቱ ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ገጽ ነው፤ ከታች ማኅተም የለውም፣ ፊርማ የለውም። ሰድቦኝ ስሙን እንኳ አልጻፈም። ለዘሃራ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። ስትሰማ ቆየችና «እንግዲያ ያስፈረደብዎ አባቴ ነዋ» አለች።

«ሐጂን ተዪያቸው።»

«አላህ ይዘንለትና፣ ቢሰማ ኖሮ ሱቁን ዘግቶ እዚያው ኤምባሲው ድረስ ይሄድ ነበር» አለች። «ሄዶም ግማሽ ቀን ስለ ከብታቸው ሲጠይቅ ይውል ነበር።» መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ እሷ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። በሚኒባስ ወደ ጎባ ስንወጣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እነዚያን ድፍን ያሉ ፊደላት እያየሁ ነበር። ደብተሬ ላይ ከጻፍኳቸው ከሁለቱ ቃላት አንዱም የለበትም፤ ቢኖርም አልለየውም።

እሑድ ሶስና ደወለች። ከተከለከልኩ ወዲህ ሊናን አማርኛ እያስተማረቻት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብያት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። «ላናግራት አለች» አለችኝና ስልኩን ሰጠቻት። ጸጉሯ አድጓል። ዓይኔን ፈራ እያለች ታየኛለች፤ እንዳልስቅ ጥርሴን ነከስኩ።

«አያቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ የኔ እመቤት።»

«ላሞች ደህና ናቸው?»

እንደ አለቃዬ ሁሉ እኔም ላም የለኝም። «ደህና ናቸው» አልኳት።

«ዝናብ ደህና ነው?»

«ዝናቡም ደህና ነው።»

«እሺ፣ ቻው» አለች። ስልኩ ተንቀሳቀሰ፣ ጣሪያው ታየኝ፣ የምትሄድበት የእግሯ ኮቴ ተሰማኝ። ከዚያ ኮቴው ቆመ፤ ተመለሰ። ፊቷ እንደገና መጣ።

«አያቴ፣ ለምን አልመጣሽም?»

ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለጠየቀችኝ መልሱ እሱ ላይ በራሷ ቋንቋ ተጽፏል፤ እሷ ገና ማንበብ አትችልም፣ እኔም አልችልም።

«እመጣለሁ» አልኳት።

እዚያ መስተዋት ፊት አልዋሸሁም ነበር። የዋሸሁት ይኼኔ ነው።